ዘለለ ዕለትነ

ጌታ በአባታችን ሆይ ጸሎት «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» አለ። ዘይቤው የዕለት ምግባችንን ስጠን ማለት ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ምሥጢሩ ያለው «ዘለለ ዕለትነ» ተብሎ በተመለሰው የግሪክ ቃል ላይ ነው። ቃሉ ኤጲዩስዮስ ይባላል። በሐዲስ ኪዳን ከዚህ ጸሎት በቀር ሌላ ቦታ የለም፤ በማቴዎስ 6፥11 እና በሉቃስ 11፥3 ብቻ ይገኛል፤ ዲዳኬ የተባለችው ጥንታዊት መጽሐፍም ጸሎቱን ስትደግም ትጽፈዋለች። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረ ኦሪጌንስ ቃሉን በሊቃውንት ጽሑፍም በሕዝብ አፍም እንዳጣው፣ ወንጌላውያኑ ያወጡት ሳይሆን እንደማይቀር መስክሯል። ሌላው ትምህርቱ ቢወገዝም በግሪክ አፍ የፈታ ነውና በዚህ ምስክርነቱ አይናቅም። ኋላ በፈረንጆች 1889 ሴይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ከግብፅ ሐዋራ በተገኘ የወጪ መዝገብ ላይ ቃሉን አነበብሁ ብሎ ስላሳተመ፣ ብዙዎች «የዕለት ራሽን ማለት ነው፣ ነገሩ አለቀ» አሉ። ፓፒረሱ ጠፍቶ ኖሮ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተገኘና እንደገና ቢነበብ ጽሑፉ «ዘይት» የሚል ሆነ። እንግዲህ ቃሉ ዛሬም ከጸሎቱ ሌላ ቤት የለውም።

አንድም ሥሩ ኡሲያ ነው፤ ኡሲያ ባሕርይ፣ ሀልዎት ማለት ነውና ከባሕርይ በላይ የሆነ ኅብስት ሲል ነው። ሄሮኒሞስ ማቴዎስን ወደ ላቲን ሲመልስ በዚህ ሄዷል፤ ይህም ኅብስት የጌታ ቅዱስ ሥጋው ክቡር ደሙ ነው።

አንድም የሚመጣው ቀን ሲል ነው። በሐዋርያት ሥራ 16፥11 ማግስትን ለማለት የገባው ቃል የዚህ ዘመድ ነው፤ የሰሜን ግብፅ ቅብጥም «የነገ» ብሎ ተርጉሞታል፤ ሄሮኒሞስም በዕብራውያን ወንጌል «ማሐር»፣ ነገ የሚል እንዳገኘ ጽፏል። ጌታ በዚያው በማቴዎስ 6 ለነገ አትጨነቁ ብሎ ሳለ ስለምን የነገን ለምኑ አለ ቢሉ፣ ነገ የተባለችው መንግሥተ ሰማያት ናት።

አንድም ለመኖር የሚበቃ፣ ከሚያስፈልግ የማያልፍ ሲል ነው። ሥሩ እንደ ፊተኛው ኡሲያ ነው፤ ያ ከሀልዎት በላይ አለ፣ ይህ ለሀልዎት የሚሆን ይላል። «ከኤጲ እና ከኡሲያ የተገኘ ቢሆን ከሁለቱ አናባቢ አንዱ ተውጦ ኤጱስዮስ በተባለ ነበር» የሚል የሰዋስው ሰው ቢነሣ፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት 1፥10 በሐሰት የሚምሉትን ኤጲዮርኮስ ብሎ የጠራቸው አናባቢው ሳይዋጥ ነውና ክርክሩ አይጸናም። የሶርያው ፐሺታም «የሚያስፈልገን» ብሎ ተርጉሞታል። ይህ ንባብ ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚይዝ ነው፤ በምሳሌ 30፥8 ድህነትንም ባለጠግነትንም ትቶ የሚበቃውን ከለመነው ሰው ጋር ይስማማልና። በዘጸአት 16 መና ሲወርድ ለአንድ ራስ አንድ ጎሞር ነበር፤ ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበ አልጎደለበትም፣ ያሳደረው ተልቶ ሸተተ። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ይህን ሲተረጉም ኅብስት ለምኑ ተባልን እንጂ ወርቅና የከበረ ልብስ ለምኑ አልተባልንም ያለው ስለዚህ ነው። ዛሬ ወንጌልን የመኪናና የፎቅ ተስፋ ያደረጉ ሰባክያን በዚህች ቃል ፊት ቆመው ይመለሱ።

የግእዝ አባቶች ጥበብ የሚታወቀው ከዚህ ላይ ነው። ግሪኩ አርቶስ፣ ኅብስት ይላል፤ እነርሱ ግን ሲሳይ አሉ። በአማርኛው «የዕለት እንጀራችን» ብቻ ቢቀር ኖሮ፣ ከጅጅጋ በታች ወርዶ በጉናጋዶ የሚኖር አርብቶ አደር ጸሎቱን ለጤፍ ምድር የተሠራ ይመስለው ነበር። የእርሱ ሲሳይ የግመል ወተት ነው፣ ሶር የሚባል የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ቢርካ ከሚባል የውሃ ጉድጓድ በገመድ የተቀዳ አንድ ጄሪካን ውሃ ነው። በጅጅጋ ገበያ ሙስሊሙ ጎረቤት ሪዝቅ ሲል ክርስቲያኑ ሲሳይ ይላል፤ ሁለቱም ከላይ የሚሰፈርን ድርሻ መናገራቸው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር በዚያ አገር የሚበቃ ማለት ምን እንደሆነ ያለ መዝገበ ቃላት ታየ፦ ከብቱ አለቀ፣ ቢርካው ደረቀ፣ ውሃ በቦቴ እየተጫነ መጣ።

ቢርካ ራሱ ለነገ ማከማቸት አይደለምን ቢሉ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መሬቱ ተቆፍሮ ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ፀሐይ እንዳይመጠው አንዳንዱ በእሾህ ቅርንጫፍ ይከደናል፤ የዝናቡን ወራት ውሃ ለበጋው ያሻግራል። ዮሴፍም ሰባት ዓመት እህል ሰብስቧል፣ አልተነቀፈም። መናውም በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሆኖ ለሰንበት ሲያድር አልተላም። ስለዚህ የተከለከለው ማሳደር ሳይሆን የሌላውን ጎሞር ጨምሮ ማሳደር ነው። ቢርካ ባለቤት ይኖረዋል፣ ውሃውም ይሸጣል፤ በዚህ ኃጢአት የለም። የጎረቤት ግመል አጠገቡ ወድቆ ሳለ ክዳኑን የዘጋ ግን የተላ መና ይዟል። «ምሥጢሩን ሥጋዊ አደረጋችሁት፣ ጌታ የሰማዩን ኅብስት ነው ያለው» የሚልም አይጠፋም። ለቁርባኑ ክብር ይግባውና፣ ያዕቆብ 2፥15–16 የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም ጥገቡ ብሎ ባዶ እጁን የሚያሰናብተውን ሰው ገሥጿል። የሰማዩን የሚፈልግ የምድሩን ይስጥ፤ ጸሎቱ «ሲሳየነ» ይላል እንጂ «ሲሳይየ» አይልምና።

ወደ ቃሉ ስንመለስ፣ አንድም ዘወትር የማይቋረጥ ሲል ነው፤ የጥንቱ የሶርያ ወንጌል እንዲህ ይላል።