ሳያቃስት የሞተው ቴፕ

እ.ኤ.አ. በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ የፒክሳር ስቱዲዮ ሰዎች «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም እየሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከቴክኒክ ኃላፊዎቹ አንዱ የነበረው ኦረን ጃኮብ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የዉዲን ፋይሎች ከፍቶ ሲያይ ቁጥራቸው ቀንሷል። ደግሞ ሲያይ ጥቂት ብቻ ቀርተዋል፤ ደግሞ ሲያይ ምንም የለም። ለካ አንድ ሰው «አርኤም» የሚባለውን የዩኒክስ መሰረዣ ትእዛዝ የፊልሙ ማከማቻ ላይ ለቆት ኖሯል። ጃኮብ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ደውሎ «ማሽኑን ንቀሉት!» አለ። እስኪነቀል ድረስ ከፊልሙ 90 በመቶ ያህሉ ጠፍቶ ነበር።

የመጠባበቂያ ቴፕ ስላለ ግን ተስፋ ነበር። ከቴፑ መለሱ፣ ሠራተኛውም ወደ ሥራው ገባ። ጥቂት ቀናት እንደሠሩ ነው የተመለሰው ነገር ጎደሎና የተበላሸ መሆኑ የታወቀው። ይህ ከመጀመሪያው ጥፋት ይልቅ የከፋ ነው፤ በተበላሸው ላይ አዲስ ሥራ ተደርቧልና።

ምክንያቱን ጃኮብ በኋላ ተርኮታል። የመጠባበቂያው ፋይል 4 ጊጋባይት ሲደርስ ጣሪያው ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ አዲሱ በገባ ቁጥር አሮጌው እየተገፋ ይወጣ ጀመር። ስሕተቱን መዝግቦ መጮህ የነበረበት ፋይል ደግሞ የተቀመጠው በሞላ ዲስክ ላይ ነበር። መጻፊያ ቦታ ስላጣ ዜሮ ባይት ሆኖ ቀረ። ባዶ የስሕተት መዝገብ ያየ ባለሙያ ምን ይላል? «ደኅና ነው» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ብሂል ቴፕ ክፍል ውስጥ አይሠራም።

ፊልሙን ያተረፈው ሥርዓቱ ሳይሆን አራስ ቤት ነው። የቴክኒክ ኃላፊዋ ጌሊን ሰስማን በቅርቡ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ከጃኮብ ጋር ሄደው ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በመኪና የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስረው፣ ቀስ እያሉ አመጡት። ያም ቢሆን 30,000 ያህል ፋይሎችን የሰው ዓይን አንድ በአንድ ማየት ነበረበት። ትእዛዙን ማን እንደሰጠ ግን አልታደነም። እኔም ባለማደናቸው ደግ አደረጉ እላለሁ፤ ጣት መሳሳቱ አይቀርም፣ መጠየቅ ያለበት ከስሕተት በኋላ ሊያነሣን የተቀመጠው ነገር ነው።

ዛሬም ቴፕ አልመለስ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚረግመው ቴፑን ነው። የቴፕ ማንበቢያውን ማሽን ቀድሞ መጠርጠር ይሻላል። አሰላለፉ የተዛባ ማንበቢያ ራሱ የጻፈውን በደንብ ያነባል፤ ያ ማንበቢያ በተበላሸ ቀን ግን ጤነኛው ሌላ ማሽን ቴፖቹን ላያውቃቸው ይችላል። ስለዚህ በማጽጃ ካርትሪጅ ካጸዱ በኋላ በሌላ ማንበቢያ መሞከር ነው። የቴፑ ትውልድም ይታይ፦ ኤልቲኦ በሚባለው የቴፕ ዓይነት፣ ኤልቲኦ 8 ማንበቢያ ኤልቲኦ 7ን ያነባል፣ ኤልቲኦ 6ን ግን አያነብም። አሮጌውን ማሽን ሸጦ ቴፖቹን በመደርደሪያ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ያለው መጠባበቂያ ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ቴፑ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ቁልፉ የተቀመጠው በጠፋው ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነም ያው ነው።

«ቶይ ስቶሪ 2» በመጨረሻ ታሪኩ ስላልጣመ አብዛኛው ተጥሎ እንደ አዲስ ተሠራና በ1999 ለተመልካች ቀረበ። እናንተ ግን በዚህ ሳምንት ከመደርደሪያችሁ አንድ ያረጀ ቴፕ ምዘዙ፤ በጻፈው ማሽን ሳይሆን በሌላ አስገቡት፣ ባዶ ዲስክ ላይ መልሱት፣ ከዚያም ፋይሉን የሚያውቀው ሰው ከፍቶ ይየው።