ስለ ቤትና ስለ መንገድ

ከከተማ መካከል በኪራይ መኖር ይሻላል ወይስ ወደ ዳር ወጥቶ የራስን ቤት ይዞ በየቀኑ በባቡር መመላለስ? ይህ ነገር ሲያዩት የገንዘብ ጥያቄ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን የፍርድ ጥያቄ ነው፤ አንዱ የመረጠውን ምርጫ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላው ነውና።

ባለፈው ዓመት ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ሊያማክረኝ መጣ። ሚስት፣ የሦስት ዓመት ልጅና አሮጊት እናት አለው። በጦር ኃይሎች አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ከሥራውም በእግሩ ይደርሳል። በዕጣ የደረሰው የኮንዶሚኒየም ቤት ግን በአያት በኩል ነው። «ጋሼ፥ ምን ይሻለኛል? ብቀመጥ ኪራዩ፥ ብሄድ መንገዱ ሊበላኝ ነው» አለኝ።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንደኛው መሥመር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ፣ በመስቀል አደባባይ፣ በሜክሲኮና በልደታ አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ርቀቱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በካርታ ላይ ሲታይ አጭር ነው። ነገር ግን ከቤት እስከ ጣቢያ ሌላ መንገድ አለ፤ ሰልፍ አለ፤ የመጣው ባቡር ሞልቶ ከሆነም የሚቀጥለውን መጠበቅ አለ።

ስለዚህ ወረቀት አውጥተን አሰላን። ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም ይኸው ቢሆን፥ በቀን 3 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 48 ሳምንት ብንል 720 ሰዓት፤ ይኸውም ሌሊቱም ተቈጥሮ 30 ቀን ነው። ከዓመቱ አንድ ሙሉ ወር በመንገድ ያልቃል ማለት ነው። ወጣቱ ይህን አይቶ ዝም አለ።

እኔ ግን ከቊጥሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ወር የማን ነው የሚለው ነገር ነበር። አባት «ጊዜዬ የራሴ ነው፤ ድካሙንም የምደክመው እኔው ነኝ» ይላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ከከተማው ዳር ትንሽ ቤት ሠርቼ ስገባ «ለልጆቼ ስል ነው» እያልሁ ሳይነጋ እየወጣሁ ከመሸ እገባ ነበር። የተማሪዎቼን የእጅ ጽሕፈት ስማቸውን ሳላይ እለየው ነበር። አንድ ቀን ማታ ከማርማቸው ደብተሮች መካከል አንዱን አንሥቼ የማን እንደ ሆነ ባላውቅ ስሙን አየሁ፤ የገዛ ልጄ ደብተር ነበር። ከተማሪዎቼ ደብተር ጋር በስሕተት ተቀላቅሎ ኖሯል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቤቱን ለእርስዋ ሠርቼ ዋጋውን ከእርስዋው ድርሻ ስከፍል ኖሬአለሁና።

ቢሆንም በዚህ ምክንያት ቤት የሚሻውን ሰው መንቀፍ አይገባም። 20 በመቶውን ቆጥቦ፣ 80 በመቶውን ከባንክ ተበድሮ የራሱን ቤት የሚይዝ ሰው የሠራው ቀላል ሥራ አይደለም። የወጣቱም ሚስት ስትጠየቅ «ልጄ በሰው ግቢ ‹አትሩጥ፥ አትጩህ› እየተባለ ማደጉ ይበቃኛል» ብላ መለሰች። እውነቷን ነው። እናቲቱ ደግሞ ስለ ዕድራቸው አሰቡ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል ይባላልና፥ በዕድሜ ብዛት ያፈሩትን ጐረቤት ትተው ሦስተኛ ፎቅ ላይ መቀመጡ ከበዳቸው። እንግዲህ በአንድ ቤት ሦስት እውነት ተገኘ።

እኔ ሂድም ቅርም አላልሁትም። ቤቱን ተረክቦ ስለ ነበረ፥ ቤተ ሰቡን ይዞ ሁለት ሳምንት እዚያ እያደረ እንዲሞክረው ብቻ መከርሁት። በወንጌል የተነገረው የግንብ ሠሪው ምሳሌም ከመጀመር በፊት ወጪውን መቊጠር እንዲገባ ያስተምራል። ወጣቱ ተመልሶ «መንገዱስ ይለመዳል፤ ግን ከአሥሩ የሥራ ቀን በሰባቱ ልጄን ተኝቶ አገኘሁት» አለኝ። ምክንያቱን ሲመረምረው ባቡሩ ብቻ አልነበረም። ከመደበኛው ሥራ በኋላ ማታ ማታ የሚሠራው የትርፍ ሰዓት ሥራ ነበረው፤ ቤቱ ቅርብ ሳለ ያ ሥራ ልጁን አልጐዳውም ነበር።

በመጨረሻም ሄዱ። ነገር ግን የትርፍ ሰዓቱን ሥራ ተወው፤ ገቢው አነሰ፤ የሱፍ ልብሱንም ሳይለውጥ ዓመቱ አለፈ። ልጁ ሳይተኛ ግን ይደርሳል። እናቱንም ወር በወር ለዕድራቸው ራሱ ያመጣቸዋል። የመንገዱን ዋጋ ከልጁና ከእናቱ ላይ አንሥቶ በራሱ ኪስ ላይ አደረገው።

ለሰው ሁሉ ይህ ይሆናል አልልም። የትርፍ ሰዓቱ ገንዘብ የልጁ እንጀራ የሆነበት አባት አለ፤ እርሱ ሊተወው አይችልም፤ ለእርሱስ በጠባቡ ቤት መቈየት ይሻለው ይሆናል። አንባቢ ሆይ፥ አንተም ዕቃህን ከመጫንህ በፊት ከሚስትህ፣ ከልጆችህና ከሽማግሌዎችህ ጋር ተቀመጥ። ቤቱ ስንት ካሬ ነው ብለህ እንደ ጠየቅህ ሁሉ፥ መንገዱ ከማን ሰዓት ላይ ይቀነሳል ብለህ ጠይቅ። «ለእናንተ ስል ነው» የምትላቸው እነርሱ ከሆኑ፥ መልሱን ከራሳቸው አፍ ስማ።