በሌሊት የመጣው መምህር

በግዕዝ ሥርዓታችን የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በኒቆዲሞስ ስም ይጠራል። ከእርሱ ቀጥሎ ሆሣዕና፣ ከዚያም ሕማማት ይመጣል። በዚያ እሑድ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰብከው ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ ነው፤ ተገቢም ነው። ስለ ሰውየው ራሱ፣ ስለ ፍርሃቱና ስለ ሄደበት መንገድ ግን ጥቂት ብቻ አንሥተን እናልፋለን። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልመለከተው የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ በልቡ አምኖ በአንደበቱ ዝም የሚል ሰው ምን ሊባል ይገባዋል? አማኝ ነውን? ወይስ ከሃዲ?

ኒቆዲሞስን በስም የሚያነሣው ቅዱስ ዮሐንስ ብቻ ነው፤ እርሱም በሦስት ቦታ። በመጀመሪያው (ምዕራፍ 3) ከፈሪሳውያን ወገን የሆነ የአይሁድ አለቃና የእስራኤል መምህር በሌሊት ወደ ጌታችን ይመጣል። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ይህ ሰው ወደ ኢየሱስ ቢመጣም በሌሊት ስለ መጣ ገና ከሥጋው ጨለማ ሆኖ እንደሚናገር አስተምሯል። ይሁን እንጂ ወንጌላዊው በዚያ ስፍራ «ፈርቶ» የሚል ቃል አልጻፈም፤ ፈሪ ለማለት የምንቸኩል እኛ ሰባክያን ነን። ጌታችንም ስለ መጣበት ሰዓት አልገሠጸውም። የገሠጸው መምህር ሆኖ ሳለ ባለማስተዋሉ ነው። ንግግሩ ሲያበቃ ኒቆዲሞስ አምኖ ይሂድ ተጠራጥሮ አልተጻፈም።

በሁለተኛው (ምዕራፍ 7) ጊዜው የዳስ በዓል ነው። ኢየሱስን እንዲይዙ የተላኩት ሎሌዎች ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ አለቆቹም ተቆጥተዋል። ያን ጊዜ ኒቆዲሞስ አንድ የሕግ ጥያቄ ያቀርባል፤ ሕጋችን ሰውን ሳይሰማና ያደረገውን ሳይመረምር ይፈርድበታልን? የሚል። አምኜበታለሁ አላለም፤ ከሕጉ ጀርባ ቆሞ ተናገረ። ቢሆንም የቆመበት ሕግ እውነተኛ ነበር፤ ሙሴ ፈራጆችን ሲሾም ታናሹንም ታላቁንም እኩል እንዲሰሙ አዝዞ ነበርና (ዘዳ. 1)። የተሰጠው መልስ ስድብ ነው፤ አንተም ከገሊላ ነህን? ነቢይ ከገሊላ አይነሣም አሉት። ነቢዩ ዮናስ የገሊላ ክፍል ከሆነችው ከጋትሔፌር መሆኑ በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 14 ተጽፏል። የእስራኤል መምህር የተባለ ሰው ይህን አያውቅም ለማለት ይቸግራል፤ ነገር ግን መልስ መስጠቱ አልተጻፈም።

እንግዲህ ይህ ዝምታ ኃጢአት ነውን? ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለዚህ ጉዳይ ሲያስተምር፣ እምነትን በአደባባይ መመስከር በማንኛውም ጊዜና ቦታ ግዴታ አይደለም ይላል። ግዴታ የሚሆነው በዝምታችን ለእግዚአብሔር የሚገባው ክብር ወይም ለባልንጀራችን የሚገባው ጥቅም ሲጓደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው ሕገ ቀኖናም ዝምታው ራሱ እንደ ክህደት በሚቆጠርበት ወይም ባልንጀራን በሚያሰናክልበት ጊዜ ምእመናን በግልጽ እንዲመሰክሩ ያስገድድ ነበር። እኔ ይህን ትምህርት በአንድ ቀላል ጥያቄ መለካት ይቀናኛል፤ የዝምታዬን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ራሴ ከሆንሁ ዝምታው ትዕግሥት ወይም ጥበብ ሊሆን ይችላል። ሌላው እየከፈለልኝ ከሆነ ግን ጥበብ ብዬ ልጠራው አልችልም።

በሀገራችን ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በደርግ ዘመን፣ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፣ እንጀራቸው በመንግሥት እጅ ስለ ነበረ የአንገት መስቀላቸውን ያወለቁ፣ ልጃቸውን በአያት እጅ ወደ ገጠር ልከው በሥውር ያስጠመቁ ሰዎች እንደ ነበሩ ሽማግሌዎቻችን ይናገራሉ። «ክደን ነበርን?» የሚለው ጥያቄ እስከ እርጅናቸው የተከተላቸው አሉ። ልጁን በሥውር ያስጠመቀ አባት እምነቱን አላጠፋም፤ እንዲያውም ለልጁ አውርሷል። በስብሰባ ላይ ጎረቤቱ በሃይማኖቱ ሲከሰስ እያየ አንገቱን የደፋ ሰው ግን ጥያቄው ሊቆረቁረው ይገባል። ዛሬም በዓረብ ሀገር በአሠሪዋ ቤት መቁጠሪያዋን ከትራሷ ሥር ደብቃ የምትጸልይ እኅታችንን ፈሪ የሚላት ካህን ቢኖር ከእርሷ ይልቅ ራሱን ይመርምር። እዚህ ማንም ሳይከለክለን፣ ባልደረቦቻችን በድኻው ሲሣለቁ አብረን ፈገግ የምንለው እኛ ብንጠየቅ ይሻላል።

ቅዱስ ዮሐንስ በምዕራፍ 12 ከአለቆች ብዙዎች ቢያምኑም ከምኩራብ እንዳይባረሩ ብለው እንዳልመሰከሩ፣ የሰውንም ክብር እንደ ወደዱ በኀዘን ይጽፋል። ኒቆዲሞስ ከእነርሱ ይቆጠር እንደ ሆነ አልነገረንም። ጌታችን በተፈረደበት ሌሊት የት ነበረ? ቅዱስ ሉቃስ የአርማትያስ ዮሴፍ በምክራቸው እንዳልተባበረ ይመሰክርለታል፤ ስለ ኒቆዲሞስ ግን አንድም ቃል የለም።

ከዚያም ዓርብ ማታ ይመጣል። ዮሴፍ ሥጋውን ከጲላጦስ ይለምናል፤ ኒቆዲሞስም መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ ይደርሳል። ይህ በእኛ ሚዛን ወደ 33 ኪሎ ነው። ማርያም በቢታንያ ያፈሰሰችው የናርዶስ ሽቱ አንድ ንጥር ነበር፤ እርሱም እንኳ ሦስት መቶ ዲናር ተገምቶ አጉረምርመውበታል። 33 ኪሎ ሽቱ ደግሞ በልብስ ሥር ተደብቆ አይሄድም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን ለሕያው የነፈግነውን ለሙት በተዝካር መክፈል እናውቅበታለን፤ አባቱን በሕመሙ ጊዜ ሳይጠይቅ ቆይቶ ለአርባው በሬ የሚጥለውን ሁላችንም አይተናል። የኒቆዲሞስ ሽቱስ ከዚህ በምን ይለያል? ዘግይቷል፤ ይህን አልክድም። ሸንጎው ሲፈርድ አንድ ቃል ከመቶ ንጥር በላይ በሆነ ነበር። ነገር ግን በተዝካር ሰው ክብር ያገኛል፤ ኒቆዲሞስ ግን በዚያች ማታ ያለውን ክብር አጣ። በቀን ከጌታችን ጋር የተመላለሱት ሸሽተዋል፤ ጴጥሮስም በፍም እሳት አጠገብ ክዷል። ደግሞም የካህናት አለቆች ፋሲካን ለመብላት ሲሉ እንዳይረክሱ በዚያው ጠዋት ወደ ገዢው ግቢ አልገቡም ነበር። ኒቆዲሞስ ግን በፋሲካ ዋዜማ የተሰቀለ ሰው ሥጋ በእጁ ገነዘ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 መሠረት በድን የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው። መምህር ነውና ይህን ያውቃል፤ በዚያች ሌሊት ከቤተ ሰቡ ጋር በግ እንደማይበላም ያውቃል።

በአበው ትውፊት ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ሲገንዙት ሳሉ «ቅዱስ እግዚአብሔር» የሚለውን ጸሎት ተምረዋል ይባላል፤ እኛም በቅዳሴያችን እንጸልየዋለን። ወንጌሉ ግን ከመቃብሩ በኋላ ኒቆዲሞስን አያነሣውም፤ ወደ ሸንጎው ወንበር መመለሱንም ሆነ መባረሩን አይነግረንም። ያው የኦሪት ሕግ በድን የነካ ሰው በሦስተኛው ቀን በሚያነጻ ውኃ እንዲነጻ ያዝዛል። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ የገነዘው ሥጋ በመቃብር አልነበረም።