የመፈልፈያው ሞተር ሲቆም

በጌዴኦ ዞን ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ይደርሳል። ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬ እስከ ገደብ፣ ቀይ እሸት የጫነው ገበሬ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ይጎርፋል። የተለቀመ እሸት ጊዜ አይሰጥም። በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደረጃው ይወርዳል። ማታ ላይ ሞተሩ ቢቆም፣ ቺንጋው ቢበጠስ ወይም ፓምፑ ውኃ መሳብ ቢያቅተው የገበሬው የዓመት ድካም በአንድ ጠጋኝ እጅ ላይ ይወድቃል።

ያ ጠጋኝ ከሐዋሳ እስኪመጣ መጠበቅ ኪሳራ ነው። በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ስለ ኤሌክትሪክ ጅረት በጥቁር ሰሌዳ የተማሩ ወጣቶች ሞልተዋል። ቀመሩን ያውቁታል። ሞተር ፈትቶ ኩሽኔታ የቀየረ ግን ከመካከላቸው እምብዛም አይገኝም።

ወላጆች የእጅ ሙያን ጉዳይ ከልብ ሊያስቡበት ይገባል። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። ከመቶው ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ዩኒቨርሲቲን በቀጥታ ሳያገኝ ቀርቷል ማለት ነው። ያም ሆኖ በብዙ ቤት ለልጅ የሚነገረው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሙያ የሚነሳው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ፣ ለማጽናኛ ያህል ነው። በማጽናኛ ስም የተሰጠውን ሙያ ልጁ እንዴት ይውደደው?

ለእጅ ሙያ ያለው ንቀት ሥር የሰደደ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውንና ሸማኔውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ የሙያ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ስንት ባለሙያ አፍርቷል። ዛሬም ግን ልጁ ብየዳ ቤት ገባ ሲባል አንገቱን የሚደፋ አባት አለ።

ጌዴኦ ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቡናና እንሰት በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚኖሩበት ነው። ሕዝቡ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ምድርም ነው። አባት ለአምስት ልጅ የሚያካፍለው ማሳ በየትውልዱ ይጠብባል። ዛፉ እንዳይቆረጥና ቅርሱ እንዲቆይ ከተፈለገ ልጁ ከመሬት ሌላ እንጀራ ሊኖረው ግድ ነው።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሥራና የቴክኒክ ትምህርትን አካቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ፒንሳና ካቻቢቴ ሳይነካ በንባብ ብቻ የሚያልፍ የሙያ ትምህርት ከታሪክ ትምህርት አይለይም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የተተከሉት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ይሰጣሉ። ብዙ ገንዘብ ወጣባቸው፤ ሲበላሹ የሚጠግን በአጠገባቸው ስላልነበረ ብዙዎቹ ግድግዳ ላይ ቀሩ። ኮምፒውተሮችም ያው ዕጣ እንዳይደርሳቸው፣ መምህራን ተማሪውን ከፕሮግራም መክፈት አልፎ ክዳኑን ፈትቶ አቧራውን እንዲጠርግ፣ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ እንዲቀይር ያስተምሩት።

መፈልፈያ ጣቢያዎች ደግሞ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ለወራት ሥራ ፈተው ይቆማሉ። ክረምት የተማሪም ዕረፍት ነው። የጣቢያ ባለቤቶችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚያ ጊዜ በራቸውን ለትምህርት ቤቶች ቢከፍቱ፣ መካኒኩ እያሳየ ተማሪዎች መፈልፈያውን ፈትተው፣ ዘይት ቀብተው ቢገጥሙ፣ ጥቅምት ሲመጣ ጠጋኙ ከዚያው ከቀበሌው ይገኛል። ታዲያ ደኅንነት ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሳይዘጋ ሞተር አይነካ፣ የዓይን መከላከያ ሳይደረግ ብየዳ አይታይ። በየመንገዱ ዳር ዓይናቸውን የሚያቃጥሉ ወጣቶች ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

ስልክ የያዘ ተማሪም ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት ወደ አባል አገሮቹ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ በጂፒኤስ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር ላነሰ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። የጌዴኦ ማሳ ደግሞ አብዛኛው ትንንሽ ነው። ነጥብ መውሰድንና በሠንጠረዥ መመዝገብን የተማረ የ11ኛ ክፍል ልጅ ለአባቱ ማኅበር ይህን ሊሠራ ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነጻ የሚሰጥ ስለሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ከሰዓት በኋላም ክፍት ሆኖ ይዋል።

ሴት ተማሪዎች ከዚህ ሁሉ እንዳይቀሩ አደራ! እንሰት መፋቅ በጌዴኦ የእናቶች ሥራ ነው፤ ወገብ ይሰብራል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንሰት ማቀነባበሪያ መሣሪያ ለማሻሻል ሲሠሩ ቆይተዋል። ድካሙን ከእናቷ ጎን ሆና ያየች ልጅ መሣሪያውን ከማንም በተሻለ ልትፈትሸው፣ ልታርመው ትችላለች። መምህሩ ብየዳና ኤሌክትሪክ ሲያስተምር በመጀመሪያ እሷን ይጥራ፤ ወላጅም የትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ልጁ ስንተኛ እንደወጣ ከጠየቀ በኋላ፣ በዚህ ወሰነ ትምህርት ምን በእጁ እንደሠራ ይጠይቅ።