የጥንቸሏ ድርሻ

ጁባ ላይ ለቤት ጥንቸል እህል መስጠት ነውር ነው? የከተማዋ በቆሎ አብዛኛው በኒሙሌ መንገድ ከኡጋንዳ የሚገባ ነው፤ መንገዱ ሲታወክ ዋጋው ይንራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በዚያው በደቡብ ሱዳን፣ በሌርና በማየንዲት፣ ረሃብ በይፋ ታውጆ ነበር። ስለዚህ ለጥንቸል የተበተነ እፍኝ ማሽላ ከሰው አፍ የተነጠቀ የሚመስለው ቢኖር አይፈረድበትም። ክርክሩን ከዚያ መጀመር ግን አያዋጣም፤ ጓዳ የቀረችው እፍኝ በራሷ ተነሥታ ሌር አትደርስምና። መጀመር ያለበት ከጥንቸሏ ሆድ ነው።

ጥንቸል ሣር በል ናት። ሣሩን የሚያብላሉላት በከረጢት መሰል አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እህል ሲበዛባት ስታርቹ የእነሱን ሚዛን ያዛባል፤ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ሞት ይከተላል። ዕድሜ ልክ የሚያድጉ ጥርሶቿንም የሚሞርደው ሣር ማኘክ እንጂ እህል አይደለም። ለጤነኛ ጥንቸል እህል ቢሰጥ አልፎ አልፎ፣ ያውም ቁንጥር ነው፤ የሻገተ በቆሎማ ጨርሶ አይሆንም፣ የሻጋታው መርዝ ቶሎ ይጎዳታልና። ለእኛ እህል ክብር ነው፣ ለእንግዳ የምናቀርበው። ያንኑ ክብር ለእሷ ስናወርስ ግን የምናጠግበው የራሳችንን ደግነት ነው።

አርቢዎች በእህል ያደልቡ የለም ወይ ይባል ይሆናል። ያደልባሉ፤ የእነሱ ጥንቸል ግን በጥቂት ወራት ቢላ ይጠብቃታል፣ የቤቷ ስምንትና አሥር ዓመት ልትኖር ትችላለች። ከበድ ያለው ተቃውሞ በጁባ ሱቅና ሆቴል ከከፈቱት ኢትዮጵያውያን ምእመናን ሊመጣ ይችላል፦ ኦሪት ርኩስ ላለችው እንስሳ ይህ ሁሉ መጨነቅ ለምን? (ኦሪት ታመሰኳለች ማለቱን የሚተቹ አሉ፤ ለስላሳ ኩሷን መልሳ ስትውጥ ያየ ሰው ግን ለመተቸት አይቸኩልም።) ሕጉ የከለከለው መብላትን ነው፣ ምሕረትን አይደለም። አህያም አትበላም፤ ሆኖም ኦሪት ዘጸአት የጠላት አህያ ከጭነቷ በታች ወድቃ ብትገኝ እንኳ አንሡ ይላል፣ በሰንበትም ያሳርፋታል። ንጹሕና ርኩስ የሚለው ልዩነት እዚህ ቦታ የለውም።

በበጋስ ሣሩ ሲደርቅ? እውነት ነው፣ ያን ጊዜ ማሽላው ይቀልላል። ነገር ግን ጁባ ላይ ዝናቡ ለወራት ይዘንባል፣ የነጭ ዓባይ ዳርም ሣር አያጣም። በዝናቡ ወራት አጭዶ፣ አድርቆና ከእርጥበት ጠብቆ ማቆየት ይቻላል። ጉልበት ይጠይቃል፤ ከማሽላው ጆንያ ግን ምንም አይጎድልም።