የጥርስ ሕመም ሲለቅ



«ጥርሴን አሞኝ ዱዓ አደረግኩ፣ ቅርንፉድ ያዝኩበት፣ አልሐምዱሊላህ ለቀቀኝ» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ዱዓው መልካም ነው። ግን የለቀቃችሁ ጥርሱ ድኖ ነው ወይስ ሞቶ?

ጥርስ ድንጋይ አይደለም። ከላይ ያለው ነጩ ኢናሜል አንዴ ከተበላ አይተካም፤ የሠሩት ሴሎች ጥርሱ ድድ ሰብሮ ሲወጣ ጠፍተዋል። ከሥሩ ዴንቲን አለ፤ ከዴንቲኑ ውስጥ ደግሞ ፐልፕ የሚባል፣ ደም ሥርና ነርቭ ያለው ሕያው ሥጋ። ሐኪሙ የተቦረቦረውን ሲጠርግ ፐልፑ በትንሹ ከተገለጠ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ኤምቲኤ የሚባል መድኃኒት ያለብሰዋል። የመጀመሪያው ግድግዳ የሚቀባበት፣ በውሃ የበረደ ኖራ ነው (ለሕክምና የተጣራ እንጂ ከግንበኛ የሚወሰድ አይደለም!)። ከዚያ ጥርሱን ይሞላዋል፤ ሥራው እዚህ ያበቃል።

ቀጥሎ ያለውን ሰው አይሠራውም። መድኃኒቱ ዴንቲኑን ሲነካ፣ ዴንቲኑ ከተሠራ ጀምሮ በውስጡ ተቆልፈው የኖሩ የእድገት ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ። እነሱም በፐልፑ ውስጥ ያሉ ስቴም ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ። በቁስሉ ቦታ የሞቱትን ዴንቲን ሠሪዎች ተክተው፣ እነዚህ በቁስሉ ላይ የዴንቲን ድልድይ ይገነባሉ። ሱብሓነላህ! የጥገናው መልእክት ቁስሉ ሳይኖር በፊት እዚያው ተቀምጧል።

ታዲያ ሐኪሙ ለምን አስፈለገ? በ1965 ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች የአይጦችን ጥርስ እስከ ፐልፑ በስተው ክፍት ተዉት። ከጀርም ነፃ ሆነው ያደጉት አይጦች፣ ምግብ ቁስሉ ውስጥ እየገባ እንኳ፣ ያለ መድኃኒት ድልድዩን ሠሩ። የተራዎቹ አይጦች ፐልፕ ግን በስብሶ ሞተ። እኛ ከጀርም ጋር ነው የምንኖረው፤ በሩን የሚዘጋልን ያስፈልጋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም ማዘዛቸው ከተወኩል ጋር የሚጋጭ የሚመስለው ወጣት ይህን ያስተንትን። ፈውሱ ከአላህ ነው፣ ያውም ከውስጥ፤ መዝጋቱ ግን ለእኛ ተተወ።

ጊዜም አለው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነዝሮ ወዲያው ከተወ፣ ፐልፑ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ሕመሙ ከቆየ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሳችሁ ለመሸፈን ረፍዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ይመጣል። ለቀናት ያሰቃየ ጥርስ በድንገት ዝም ካለ ደግሞ ነርቩ ሞቶ ይሆናል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ወደ መንጋጋ አጥንት መውረዱን አይተውም። ዛሬ ከጁሙዐ በኋላ ሐኪም ዘንድ መሄድ የምትችሉ ሂዱ።