ለልጅ ስለ መዋሸት

እሑድ እሑድ ልጆቼን ይዤ በናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ወዳለው ሲቲ ፓርክ እወርዳለሁ። ጦጣዎቹ ኦቾሎኒ ከልጆቹ እጅ ይቀበላሉ፤ የዚያን ጊዜው ሳቅ ሌላ ነው። እዚያው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 የተገደለው የኬንያ ነፃነት ታጋይ የፒዮ ጋማ ፒንቶ መቃብር አለ። በጥይት ሲመታ ሕፃን ልጁ በመኪናው ውስጥ ነበረች።

ታላቋ ልጄ «አባባ፣ ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ሞተ?» ብትለኝ «ታሞ» አልኋት። ከአገራችን የወጣንበትንም «ለሥራ ነው» ብያታለሁ።

ወገኖቼ፣ የልጁ ደስታ እንዳይደፈርስ ብሎ የሚዋሽ አባት ደግ ነውን? እኔ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን የሸሸግሁት ከእርሷ ሳይሆን ከራሴ ነው፤ አንድ እሑድ እንኳ ስደተኛነቴን ልረሳ ብዬ። ለፒንቶ ልጅ ዕድሜዋ እስኪደርስ የጠበቀላት የለም። በሚመጣው እሑድ ኦቾሎኒው ሲያልቅ የእኔዋን አጠገቤ አስቀምጬ ሁለቱንም እነግራታለሁ።